እግሬን ያነሳሁበት ቦታ

ጥቅምት 9

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፦

ይህቺ ደብዳቤ በጤናህ ታግኝህ። የረገጥከው መድረክ ይቅናህ፣ የምትዘፍንበት ጉሮሮ አይድረቅብህ፣ ያጨበጨበልህ እጅ ሁሉ ይባረክ። እኛ ያው በለመድነው መጠን ደህና ነን።

ፖስተሩ ደረሰ! ደረሰ ብቻ ምን ይባላል፣ ቤቱን ሞላው እንጂ። ደንበኞቼ ልብስ ከሚለኩበት መስታወት አጠገብ ሰቀልኩት። አሁን ሴት ሁሉ ቀሚስ ልትለካ ገብታ አንተን ስታይ ትቀራለች። አንዷ «ይሄ ልጅ ያንቺ ነው?» አለችኝ። «የወንድሜ ነው፤ ግን ድክ ድክ ያለው እዚህ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ነው» አልኳት። ታዲያ ዋሸሁ?

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። የሱሪህን ጉልበት ምን ነካው? ደግሞ ሁለቱንም! ልብስ ሰፊ አክስት እያለችህ ጉልበትህን ገልጠህ ሕዝብ ፊት ትቆማለህ? ስልኳን የምታውሰን የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ «ፋሽን ነው» አለችኝ። ፋሽን ከሆነ እሺ፤ ካልሆነ ፖስታ ውስጥ እራፊ እከትልሃለሁ። ጓደኛህ ሽቦማ ዝናብ የደበደበው ድመት መስሏል። እዚያ አገር ምግብ የለም እንዴ? ሰው የሚመስለው ድቡ ብቻ ነው።

አንድ ጋዜጠኛም መጥቶ ነበር። «ባንዱ እንዴት እንደተመሠረተ ያውቃሉ ተብያለሁ» አለኝ። እኔም አፌን ከፈትኩለት፤ መቼም ታውቀኛለህ። ሦስት ልጆች ነበሩ አልኩት። አንዱ የወንድሜ ልጅ፣ ግጥም የሚጽፈውና የሚዘፍነው። አንዱ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ከቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ ያልነው፣ ከሞቱ ሬዲዮኖች ማጉያ ገጣጥሞ ጊታሩን የሚያስጮኸው። ሦስተኛው ዱቄት ተሸካሚው ድቡ፣ ቤዝ ጊታር የሚመታው። ከየቤታቸው በጩኸት ምክንያት ተባረሩ። የኔ ክፍል በጥቅል ጨርቅ የታጨቀ ስለሆነ ድምፅ አያስወጣም፤ ስለዚህ ልምምዱ እኔ ጋ ሆነ።

«ከበሮ መቺውስ?» አለኝ። ከበሮ የታለና! የሚሄዱት በኔ የስፌት መኪና ነበር። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ እነሱ በመርገጫዬ ምት ይዘፍናሉ። ቺንጋዋ፣ መዘውሯን የሚያዞረው ጠፍር፣ ስለላላ መኪናዬ እየሄደች እየሄደች ድንገት ቀጥ ትላለች። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ትቆምና ደግሞ ትነሳለች። እነሱም አብረዋት ቀጥ ይላሉ፣ አብረዋት ይነሳሉ። ለዚህ ነው ስማቸውን «ጎዶሎ» ያሉት አልኩት።

ቀስ ብላችሁ ጀምራችሁ ድንገት ስለምትጮኹበት ነገርም ጠየቀኝ። ከግድግዳው ወዲያ የታመመው ወንድሜ ተኝቶ ነበር አልኩት። እሱን እንዳይረብሹ ያንሾካሹካሉ። እሱ ደግሞ በከዘራው ግድግዳውን ያንኳኳል፤ «አልሰማሁም፣ ጨምሩ» ማለቱ ነው። ያኔ ያቀልጡታል። ጋዜጠኛው «የሙዚቃ አዋቂዎች በዚህ ዘይቤ ላይ ስንት ገጽ ጽፈዋል እኮ!» ብሎ ሳቀ። ይጻፉ! እኔ የማውቀው ከዘራውን ነው።

በኔ ቴፕ የቀዳችኋት ካሴት ከታክሲ ታክሲ እየተገለበጠች፣ ያ የሙዚቃ አሳታሚ ፀጉር ሲቆረጥ እንደሰማትና በግማሽ ራሱ እየሮጠ እኔ ቤት እንደመጣም ነገርኩት። ይሄን አላመነኝም። ፀጉር አስተካካዩ ግን ይመስክር።

አባትህ ሳሉ አልለቀቀውም። የላክኸው ሽሮፕ ደረቱን ከፍቶለት ነበር፤ አልቋልና ላክልን። «ስልክ ንፋስ ነው፤ ደብዳቤ ግን ደግሜ አነበዋለሁ» ይልሃል። ዕድሜውን ሙሉ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለይ ለኖረ ሰው ምን ይባላል። አድራሻውንም እንደ ሁልጊዜው በራሱ እጅ ጽፎልሃል።

ደስታዬ ደረቴ ውስጥ አልበቃ ያለኝ፣
አክስትህ

---

ኅዳር 4

ለምወድሽ አክስቴ፦

ሰላምሽ ይብዛ፤ አባዬንም ከሩቅ አቅፌዋለሁ። ስለ ድመቱ የጻፍሽውን ለድቡ ሳነብለት ሳቀ። ሰሞኑን የሳቀው ያኔ ብቻ ነው። ለሽቦ አላነበብኩለትም። አሁን አሁን እኔና ሽቦ የምንነጋገረው በድቡ በኩል ነው።

ፖስተሩ ላይ ያለው እውነት ነው፣ አዳራሹ ይሞላል። ቋንቋችንን የማያውቅ ሰው ግጥሙን በቃሉ ይዞ አብሮኝ ይጮኻል። መኪናሽ ቀጥ የምትልበት ቦታ ላይ ስንደርስ ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን ይይዛል። ታዲያ አልበሙ ላይ ያለው ምት እኮ ያንቺው ነው፣ ከካሴቱ ላይ የተወሰደ። እዚህ ያለ ማንም ሰው ሊመታው አልቻለም።

አሁን አሳታሚው እስከ ሐምሌ መጨረሻ ሁለተኛ አልበም ይፈልጋል። አዲሶቹን ዘፈኖች አሰማነው። «ጥሩ ናቸው፤ ግን ያ ነገር የላቸውም» አለን። ከበሮ መቺ ቀየርን፣ ደግመን ቀየርን። አንዱ ትምህርት ቤት ተምሮ የመጣ ነው፣ እንደ ሰዓት ይመታል፤ ዝምታውም እንደ ሰዓት ነው። አሮጌ የስፌት መኪና ገዝተን ስቱዲዮ አስገባን። ድቡ ጨርቅ ይዞ ሲረግጥ ብታዪው ትስቂ ነበር። የስፌት መኪና ድምፅ ሆነ እንጂ ዘፈን አልሆነም። የድሮውን ምት እንዳንጠቀም ደግሞ አዲሶቹ ዘፈኖች አካሄዳቸው ሌላ ነው።

አልበሙን ካላደረስን ውሉ ይፈርሳል። የመኖሪያ ፈቃዳችን በአሳታሚው ስም ስለሆነ እሱም አብሮ ይሄዳል። ይሄን ለአባዬ አትንገሪው።

ቴፑን አጠገብሽ አድርገሽ አንድ ካሴት ሙሉ ስፊልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ሽሮፑን በሌላ ጥቅል ልኬዋለሁ። አባዬ ከደብዳቤሽ ግርጌ አንድ መስመር ይጻፍልኝ፤ ስድብም ቢሆን።

የወንድምሽ ልጅ

---

ጥር 17

ለዓይኔ ማረፊያ፦

ሰላምና ጤና ከፊትህ ይቅደሙ። ስለቆየሁብህ አትቀየመኝ። ሥራ በዛ! ትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ቀየረ። ድሮ አንድ ኪስ ነበረው፣ አሁን ሁለት ሆነ። ልጆቹ በሁለተኛው ኪስ ምን እንደሚይዙ እንጃ፣ እኔን ግን አጎበጠኝ። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ደግሞ ልጇን ልትድር ነው፤ ሙሽራዋ ቀሚሱን ስትለካ ፖስተርህን አይታ «እሱ ቢሆንልኝ ይሻል ነበር» አለች፤ እናቷ በጫማ አባረረቻት።

አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። በቅርቡ ገንዘብ የላክህልኝ ጊዜ፣ የዝነኛ ሰው አክስት በላላ ቺንጋ ትሰፋለች እንዴ ብዬ አዲስ ቺንጋ አስገጠምኩ። መኪናዬ አሁን ዘይት እንደጠጣች ትበራለች፤ ቀጥ ማለት ድሮ ቀረ። አይዞህ፣ አሮጌውን ቺንጋ አልጣልኩትም፣ የቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ አለ። መልሼ እገጥመውና እቀዳልሃለሁ። እኔ እያለሁ ማን ነው ውል የሚያፈርስብህ?

ሽሮፑ ደርሷል። ከእንግዲህ አትላክ፤ የሚበቃ አለ። ገንዘብም ለራስህ ያዝ። ወደ መድኃኒት ቤቱም አትደውል፣ ስልኩ ተበላሽቷል።

አባትህ እንቅልፍ ላይ ስለሆነ መስመሯን ሌላ ጊዜ ይጽፍልሃል።

አንተ ሥራህን ሥራ። ሥራህን ብቻ ሥራ፣ የኔ ጌታ።

አክስትህ

---

የካቲት 20

አክስቴ፦

ሰላም ላንቺ ይሁን። ፖስታው በደረሰኝ ጊዜ የማን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር፤ አድራሻው በአባዬ እጅ አልተጻፈም። እጁ ይንቀጠቀጣል እንዴ? ከተንቀጠቀጠም ይንቀጥቀጥ፣ በሚንቀጠቀጥ እጁ ይጻፍልኝ።

ሽሮፑ እንዴት ነው የሚበቃው? በቅቷችሁ አያውቅም። በየደብዳቤው መጨረሻ «አልቋል» ነበር የምትዪኝ። ለመድኃኒት ቤቱም ደወልኩ፤ ስልኩ ይጠራል። ሴትዮዋ አነሳችው፣ ድምፄን ስትሰማ «አክስትህ ትጽፍልሃለች» ብላ ዘጋችው። ምን እየሆናችሁ ነው?

እኛ እዚህ አልቀናንም። ሽቦ ጊታሩን ሳጥን ውስጥ ከትቶ ቁልፉን ለድቡ ሰጠው። ድቡ የምንኖርበትን ክፍል ወለል ይጠርጋል፣ የተጠረገውን ደግሞ ይጠርጋል። እኔ ስቱዲዮ ውስጥ ግድግዳው ሥር ተቀምጬ የድሮውን ካሴት እሰማለሁ። አዲስ ግጥም መጻፍ አቅቶኛል። ለመዝፈን አፌን ስከፍት የሚያንኳኳልኝ የለም። ሰው ያለ ግድግዳ እንዴት ነው የሚዘፍነው?

ካሴቱን ላኪልኝ። አባዬ ከጎንሽ ተቀምጦ ሁለት ቃል ይናገርበት። ለምኜሻለሁ።

የወንድምሽ ልጅ

---

መጋቢት 12

ለዓይኔ ማረፊያ፦

ሰላምህ አይጓደል። ይኸው ካሴቱ!

አሮጌውን ቺንጋ ገጠምኩት። እንደ ላላ ነው ያለው፣ የትም አልሄደ። ግን ምን እንደነካት እንጃ፣ በላላ ቺንጋም ዝም ብላ ትሄድልኛለች። በጥፊ አልኳት፣ ዘይቷን ጠረግሁ፣ መርገጫዋ ሥር ጨርቅ ወተፍኩ። በመጨረሻ እኔው እየቆጠርኩ እግሬን ሳነሳ ቀጥ አለችልኝ። አንደኛው ፊት ላይ ያለው እሱ ነው። እውነተኛ ይመስላል፤ ድቡን ጠይቀው።

ሁለተኛው ፊት ላይ ምንም የለም። ቴፑን ሳላጠፋው የሰው መጋረጃ ስሰፋ ተቀድቶ ይሆናል፤ እሱን ተወው።

አባትህ ሰላም ብሎሃል። ቴፑ ላይ ለመናገር ግን አፈረ፤ ድምፁ ሻክሯል።

ስለ ግድግዳ የጻፍከውን አነበብኩ። ምን ልበልህ? የምጨርሰው መጋረጃ አለብኝ።

አክስትህ

---

ሚያዝያ 3

አክስቴ፦

አንደኛው ፊት ያንቺ አይደለም። ስትቆጥሪ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ ይሰማል።

ሁለተኛውን ፊት ከድምፅ ባለሙያው ጋር ሰማነው። መጋረጃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰፋሽው፤ አንድም ቦታ አላቆምሽም። ባለሙያው ግራ ገባው። «እስቲ የድሮውን አምጣው፤ የምታቆምበት ቦታ ላይ ምን እንዳለ እናዳምጥ» አለኝ። ዝምታው ላይ ሲደርስ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው።

ሳል አለ፣ አክስቴ። አንዳንዴ ሳል፣ አንዳንዴ አልጋው ሲንቋቋ፣ አንዳንዴ ትንፋሽ ብቻ። ቆም ባልሽ ቁጥር አባዬ አለ። ሲያስል ትንሽ ቆየት ትያለሽ፤ ሳሉ ሲበርድለት ትረግጫለሽ። ቺንጋው አልነበረም። እግርሽን የምታነሺው እሱን ለመስማት ነበር።

አዲሱ ካሴት ላይ ግን ማንንም አታዳምጪም።

አባዬ የት ነው?

---

ሚያዝያ 26

ልጄ፦

ሰላምታ የምጽፍበት አቅም የለኝም፤ ይቅር በለኝ።

አባትህ ኅዳር ውስጥ አረፈ። ያ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ በዘፈናችሁበት ሳምንት ነው፣ ጋዜጣው ፎቶህን ባወጣበት። ጋዜጣውን አይቶታል። ፎቶህን በጥፍሩ ዙሪያውን ቀዶ ትራሱ ሥር አደረገው፤ መቀስ ላምጣልህ ብለው እምቢ አለኝ።

የዚያን ቀን ካሴታችሁን ክፈችልኝ አለኝ። ቴፑን በሩ ላይ አድርጌለት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ግድግዳውን አንኳኳ። ድምፁን ጨመርኩለት። ደግሞ አንኳኳ። ደግሞ ጨመርኩለት፤ አልፎ ተርፎ አብሬህ ዘፈንኩ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ካሴቱ አልቆ ልገለብጠው ስገባ ከዘራው መሬት ላይ ወድቋል።

ለካ «ነይ» ማለቱ ነበር።

ያን ሁሉ ዘመን ትንፋሹን ስሰማ ኖሬ የዚያን ቀን አልሰማሁትም። በዘፈንህ ጩኸት ውስጥ መሄዱን እንዴት ብዬ ልጻፍልህ? ቁጭ ብዬ ስጀምር ስለ ዩኒፎርም ይመጣልኛል፤ ስለ ኪስ ይመጣልኛል። አልበሙን ይጨርስ አልኩ። የመድኃኒት ቤቷን ሴትዮም አፏን ያዘጋኋት እኔ ነኝ፤ እሷን አትቀየማት። እኔን ከተቀየምከኝ ግን ይገባኛል።

ስለ እግሬ የጻፍከውን እስካነብ ድረስ ቺንጋው ነው ብዬ ነበር። መርገጤን እንጂ ማንሳቴን መች አውቄ። እግሬ ከኔ ይልቅ ያውቅ ኖሯል። እሱ ከሄደ ወዲህ ጨርቁን ጀምሬ ቀና ስል አልቋል፤ ከግድግዳው ወዲያ የሚጠራኝ የለም።

የቀበርነው ጥሩ ቦታ ነው። ጋዜጣውን አብሬ ከተትኩለት።

መልስልኝ። አንድ ቃልም ቢሆን፣ ስድብም ቢሆን፤ አንተ ራስህ ብለሃል።

አክስትህ

---

ሰኔ 30

ለዓይኔ ማረፊያ፦

ሰላም ይድረስህ፣ ካለህበት ይድረስህ።

መልስ አልመጣም። ፖስታው ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ፖስታ ቤት ሄጄ ነበር። አባትህ ይሠራበት የነበረው መስኮት ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ስሙን ስነግራት ተነስታ ቆመችልኝ፤ እሱ ነው አሉ ሥራ ያስለመዳት። ከረጢቱን ሁሉ አስፈተሽኳት። የለም። ደብዳቤ አምጪውን መንገድ ላይ ሳገኘው ዓይኑን ይሰብራል፤ ምስኪን፣ አሁንስ በሌላ ሰፈር መዞር ጀመረ መሰለኝ። ለመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ «ልጁ ሥራ በዝቶበት ነው» እላታለሁ። እሷም «አዎ፣ ሥራ በዝቶበት ነው» ትለኛለች። እንዲህ ስንባባል ውለን እንለያያለን።

ፖስተርህን አላወረድኩትም። ጉልበትህን ግን ለመድኩት፣ የተቀደደውን።

ትናንት ዩኒፎርም ስሰፋ መኪናዬ ቀጥ አለች። ቺንጋው አዲሱ ነው፤ መልሼ ገጥሜዋለሁ። ዝቅ ብዬ ባይ እግሬ ከመርገጫው ተነስቷል። ምን ሆንኩ ብዬ ጆሮዬን ባቀና፣ ደረጃው ላይ ኮቴ አለ። ደብዳቤ አምጪው መስሎኝ ነው። ያ ኮቴ አለፈ፣ እኔም ረገጥኩ። ትንሽ ሰፍቼ እግሬ ደግሞ ተነሳ። ውሻም ሲያልፍ፣ በር ሲንኳኳም፣ ጨዋታ ላይ ያሉ ልጆች ሲሮጡም ይነሳል፤ እግሬ ካንተ መልስ ውጭ የሚያስበው ነገር የለውም።

ቴፑን ከፍቼ ስፌቴን ቀጠልኩ። አልቆጠርኩም። ከንፈሬን ብትሰማው ሲጸልይ ትሰማው ይሆናል እንጂ ሲቆጥር አትሰማውም። ካሴቱ ይኸው፣ ሁለቱም ፊት። ለአልበሙ ከሆነላችሁ ለሽቦ ስጠው፤ ጊታሩን ከሳጥን ያውጣ፤ ሐምሌ እስኪያልቅ ገና ነው። ድቡም መጥረጊያውን ይጣል። አልሆነም ካላችሁ ደግሞ እንዲሁ ስማው። ሳል የለውም። ቀጥ በምልበት ቦታ ሁሉ ግን ድምፁን ከፍተህ አዳምጥ፤ እዚያ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ፣ አንተን ነው የምሰማው።

ልትዘጋው ስትል…

ቆይ፣ ደረጃው ላይ ሰው አለ።

አይደለም። ታች ቤት ያለው ሰውዬ ነው።

አክስትህ